አሥራ ሁለት ጠገራ በሎሚና በአመድ

«ባንዳ ባትሆኚ ኖሮማ ብሩ እንዲህ አያበራም ነበር!»

እንዲህ ያሉኝ እትዬ አስካለ ናቸው። ከጀርባዬ አይደለም፤ ፊት ለፊቴ፣ ቆሎ እያላመጡ፣ አንዲት ሽምብራ ከአፋቸው ተስፈንጥራ ነጠላዬ ላይ እስክታርፍ ድረስ ቀርበው ነው። ሽምብራዋን እንኳ አላራገፍኳትም፤ ደንግጫለሁ። በጣልያን ጊዜ፣ በእኛ በልደታ ሰፈር፣ ሰውን ባንዳ ማለት ቀላል ስድብ አልነበረም። «ሌባ» ቢሉኝ ስቄ አልፈው ነበር። «ቆማ ቀር» ቢሉኝ፣ እሱም እየተቃረበ ስለነበር፣ ዝም እል ነበር። ባንዳ የተባለ ቤት ግን ፍም የሚሰጠው ጎረቤት አያገኝም፤ ሲያስነጥስ «ይማርሽ» የሚለው የለም፤ ሰላምታ እንኳ የሚደርሰው ሰላምተኛው ግራና ቀኙን አይቶ፣ ማንም እንደሌለ ካረጋገጠ በኋላ ነው።

እኔ ደግሞ ያጠፋሁት ነገር ቢኖር ማጠብ ነው። ሰው አላጠፋሁ፣ አገር አልሸጥኩ፤ አጠብኩ።

እናቴ የልደታ ማኅበርተኛ ናት። አሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን በየተራ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ሰው ይታማል። የመጨረሻው በደንቡ ውስጥ የለም፤ ቀርቶ ግን አያውቅም። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪዋ ማለት ነው፣ እትዬ አስካለ ናቸው። የፊተኛው ሙሴ ባሕር ከፈለ፤ የእኛይቱ በአንድ ንግግር ጎረቤት ከጎረቤት ይከፍላሉ።

ማኅበሩ የብር የእጅ መስቀል ነበረው። ጣልያን ሊገባ ሲል ከተማው በተዘረፈበት ጊዜ መስቀሉም አብሮ ሄደ። ማን እንደወሰደው አይታወቅም፤ ሁሉም ግን የሚጠረጥረው ሰው አለው፤ አሥራ ሁለቱ ሴቶች አሥራ ሁለት ሰው ይጠረጥራሉ። በዚያ ዘመን ጥርጣሬ እንደ ቁንጫ ነበር፤ ሀብታም ድኻ ሳይል በየሰው ቀሚስ ስፌት ውስጥ ይገኛል። ታዲያ እትዬ አስካለ አንድ ቀን ዳቦው ሊቆረስ ሲል ተነሡና፣ «ከየቤቱ አንዳንድ ጠገራ ብር ይዋጣና አዲስ መስቀል ይሠራ» አሉ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ ጣራው አዩ። ደህና ጠገራ ያለው ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ ቀብሮታል፤ ቀብሮ መናገር ደግሞ እንዳለመቅበር ነው። ይህን እትዬ አስካለም ያውቃሉ፤ እሳቸውም ቀብረዋል ይባላል። «ደህናውን አላልኩም» አሉ። «ገበያ የመለሰባችሁን። የተበሳውን፣ የተፋቀውን። ገበያ የናቀውን ልደታ አትንቀውም።»

እዚህ ላይ የገበያውን ነገር ካላወራሁ ነገሬ አይገባም። የጣልያንን ሊሬ ሰው አያምነውም፤ ወረቀት ነው፣ ዝናብ ያየ ቀን ያለቀለት። ጠገራውንም ቢሆን ዝም ብሎ የሚቀበል የለም። ነጋዴው መጀመሪያ በመዳፉ ይመዝነዋል። ቀጥሎ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ያዳምጣል። ከዚያ ዓይኑን አጥብቦ፣ ብሩ ላይ ያለችው ወፍራም የፈረንጅ ንግሥት ትከሻዋ ላይ ያደረገችውን ጌጥ ዕንቁ በዕንቁ ይቆጥራል፤ አንዲት ከጎደለች የወለደችው እናቱ ብትሰጠውም አይቀበል። ሴት አንገቷ ላይ ልታደርገው የበሳችው ከሆነ አይወስድም። ማንጠልጠያ ተበይዶበት የተፋቀ ከሆነ አይወስድም። የንግሥቲቱ አፍንጫ ካለቀም አይወስድም፤ እኔ አፍንጫቸው ያለቀ ሰዎች ባል ሲያገኙ አይቻለሁ፣ ብር ግን አያልፍለትም። ከሁሉ የከፋው የሚያበራ ብር ነው። ጣልያን ከአገሩ አዲስ እያስቀጠቀጠ አምጥቶ ለአደሩለት ሰዎች የሚከፍለው ጠገራ እንደ ማንኪያ ያብለጨልጫል ይባል ነበርና፣ የሚያበራ ብር የያዘ ሰው ከየት እንዳመጣው ሳይጠየቅ ተፈርዶበታል። ደህና ብር ማለት ጥቁር ብር ነው፤ ብዙ እጅ፣ ብዙ ላብ፣ ብዙ ቅቤ ያየ።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄ ነው ያጠብኩት። ሁለተኛ ደረጃ ደርሼ፣ ፈረንሳይኛ ተምሬ፣ ትምህርት ቤታችን በጦርነቱ እስኪዘጋ ድረስ ከክፍሌ ሁለተኛ ወጥቼ ነው ያጠብኩት። ትምህርት የማይነካው ጅልነት አለ።

ከየቤቱ ብሩ መጣ። አንዱ መሐሉ ተበስቷል፤ አንዱ ጠርዙን ሰው በልቶታል፤ አንዱ ላይ ንግሥቲቱ ፊቷ ሙልጭ ብሎ ከኋላ ይሁን ከፊት የምትታየው አይለይም። የእኛ ቤት ብር የአባቴ ነበረ። አባቴ የበቅሎ ነጋዴ ነው። ስድስት ዓመቴ ላይ ነው፤ አንዲት ዳማ በቅሎ ሽጦ መጣና ከተከፈለው ጠገራ አንዱን «እንቺ፣ ያዢልኝ» አለኝ። እኔ ደግሞ እጄ የገባውን ሁሉ መቅመስ ልማዴ ነበርና ነከስኩት። ሁለት የወተት ጥርሶቼ ጠርዙ ላይ ታተሙ። አባቴ ብሩን ተቀብሎ አየው፤ ፊቱ ለአፍታ ከሰል መሰለ። ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁ ጣራውን ነካው። «የኔ ልጅ ብር ትነክሳለች!» ብሎ ደጅ ወጣ። ለጎረቤት ነገረ፤ ጠጅ ቤት ነገረ፤ ከአብነት ሰፈር እስከ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያልሰማ አልቀረም። ከዚያ ወዲያ ስሜ ተረስቶ ብር ነካሽ ሆኜ ቀረሁ። ትምህርት ቤት ከእኔ ጋር የሚጣላ ልጅ አልነበረም፤ ብር የምትነክስ ልጅ ጆሮ አትምርም። ብሩን ለእኔ ሰጠኝ፤ «ይህችን ግን በምንም ምክንያት ገበያ እንዳታወጫት፤ የጥርስሽ ማኅተም አለባት» ብሎ። እናቴ በጨርቅ ቋጥራ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው። አባቴ ከዘመቻው አልተመለሰም፤ ብሩ ተቋጥሮ ቀረ።

ለመስቀሉ ልሰጠው ሳወጣው እናቴ፣ «የአባትሽን ተዪው፤ ሌላ እንፈልጋለን» አለችኝ።

«ምን ሌላ አለን?»

«እኔ እፈልጋለሁ አልኩሽ።»

«ለልደታ ነው እኮ እማዬ! አባባ ገበያ እንዳይወጣ አለ እንጂ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ አላለም።»

እጇን ወደ ቋጠሮው ዘርግታ መለሰችው። ስስት መሰለኝ። በልቤም ትንሽ ታዘብኳት።

ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ስለሆንኩ የብሩ ጠባቂ እኔ ሆንኩ። ብር ለመጠበቅ ፊደል ምን እንደሚረባ አልጠየቅኩም፤ ሲሾሙኝ ደስ ይለኛል። አሥራ ሁለቱን ጠገራ በርበሬ ቅል ውስጥ ከተትኳቸው፤ እላያቸው ላይ በርበሬ ሞላሁበት። ብልሃቱ ሠርቷል። ሁለት ሶላቶዎች፣ የጣልያን ወታደሮች፣ ለፍተሻ መጥተው አንደኛው ቅሉን ከፍቶ አፍንጫውን አስገባ፤ የዚያን ዕለት ያስነጠሰው ማስነጠስ የጎረቤታችንን ዶሮዎች ከቆጥ አወረደ። ሁለት ወር ሙሉ ብሮቹ በርበሬ ሲበሉ ከረሙ።

በሁዳዴ ጾም ውስጥ የዋለችው ልደታ ብሩ ለአንጥረኛው የሚሰጥባት ቀን ነበረች። በዋዜማው ቅሉን ገልብጬ ባያቸው ጉድ ናቸው፤ ግማሹ ቀልቷል፣ ግማሹ ቅባት ይዞ ተጣብቋል። ቁጭ ማለት አልችልም፤ እናቴ «መቀመጫሽ ላይ ጉንዳን አለ» ትለኛለች። አመድ አመጣሁ፤ ሎሚ ሰነጠቅኩ፤ ፈተግኳቸው። መጀመሪያ በርበሬውን ብቻ ላስለቅቅ ነበር። ከዚያ የአንዲቱ ንግሥት ጉንጭ ብልጭ አለና እሷን ብቻዋን ማስዋብ አድልዎ መሰለኝ። አሥራ ሁለቱንም ፈተግኳቸው፤ አሥራ አንዱ አንጸባረቁ፣ አንዱ ብቻ ወደ ግራጫ እየወሰደው አስቸገረኝ። ጣቴ ተላጠ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔስ አፍስሼ፣ ለቅሜ፣ አጥቤም አሰጣሁት።

በማግሥቱ ማኅበሩ እትዬ አስካለ ቤት ነበር። ከቅዳሴ መልስ ሁሉም ተቀመጠ። ብሩን ምንጣፉ ላይ ዘረገፍኩት። በመስኮቱ የገባችው ፀሐይ ብሩ ላይ አርፋ ጣራውን በብርሃን ነጠብጣብ ሞላችው። ምርቃት ነበር የጠበቅኩት። አንዲት ሴት አማተበች።

«የኔ ጥቁር ነበር» አለች አንዷ።

«የኔ ላይ የቅቤ እድፍ ነበር፤ በእድፉ ነው የማውቀው» አለች ሌላዋ።

«ይኼ የኛ አይደለም። ይኼ የነሱ ነው!»

እትዬ አስካለ ያን ጊዜ ነው ተነሥተው ያንን የመጀመሪያውን ቃል ያሉኝ። የኛን አሮጌ ብር ለፈረንጅ ሸጬ፣ አዲስ የጣልያን ብር ተቀብዬ፣ ትርፉን በልቼ ነው አሉ። በሎሚ አጠብኩት ብዬ ማልኩ። «በሎሚ?» አሉ። «በሎሚ ሰው ፀጉሩን ይታጠባል!» የተላጠ ጣቴን አሳየኋቸው። «ብር ስትቆጥሪ ነው የተላጠው።»

ያን ጊዜ እናቴ ተነሣች። እናቴ በማኅበር ተናግራ የማታውቅ ሴት ናት። «ዋሷ እኔ ነኝ» አለች።

እትዬ አስካለ አሰቡ። «ስምንት ቀን» አሉ። «በስምንት ቀን ውስጥ ሁሉም የየራሷን ብር አይታ የምታውቀው ከሆነ ይቅርታ እንጠይቃታለን። ካልሆነ ግን እህቴ፣ የምናዝነው ላንቺ ነው፤ ጽዋው በቤትሽ አይዞርም።» እናቴ ከዚያ ማኅበር ከወጣች ምን እንደሚቀራት ታውቃላችሁ? እኔ። እኔ ደግሞ ለሰው የምቀር ነገር አይደለሁም።

እድፍ ለማስለቀቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ እድፍ ለመመለስ ስምንት ቀን አልበቃኝም። መጀመሪያ ከማዕድ ቤቱ ጣራ ሥር በጨርቅ አንጠልጥዬ ጢስ አጠጣኋቸው፤ ጨርቁ ጠቆረ። ከዚያ ጫማዬ ውስጥ ስድስት በስድስት አድርጌ ከልደታ አብነት፣ ከአብነት ልደታ ተመላለስኩ፤ ላብ ያጠቁራል ብዬ። ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ማንከስ ነው። ያየችኝ ሴት ሁሉ «ምን ሆነሽ ነው?» ትላለች፤ ምን ልበል? ብር እየረገጥኩ ነው ልበል? በሦስተኛው ቀን እትዬ አስካለ አጥር ጥግ ቆመው እግሬን ሲያዩ አገኘኋቸው። «ባለጫማ» አሉኝ ብቻ። እንደሚከተሉኝ ያን ጊዜ ገባኝ። እሳቸው እኔን ይጠረጥራሉ፤ እኔም እሳቸውን መጠርጠር ጀመርኩ። ሙሴ ሥራ ትተው የሰው እግር የሚያዩት ያለ ነገር ነው?

ከዚያ ትምህርቴ ትዝ አለኝ። መምህራችን በብር ማንኪያ ዕንቁላል አትብሉ፣ ይጠቁራል ትለን ነበር። በሁዳዴ ደግሞ ዕንቁላል የሚበላ የለምና ዶሮዎቻችን የጣሉት ሁሉ ለፋሲካ ተጠራቅሟል። ስድስት አንሥቼ ቀቀልኩ፤ አስኳሉን ፈረፈርኩት፤ ብሮቹን መሐሉ ቀብሬ በድስት ከደንኩት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልከፍተው ስል እትዬ አስካለ «ቤቶች!» ብለው ገቡ። ፍም ሊጭሩ ነው የመጡት፤ ቤታቸው ፍም እንደነበረ ግን ጢሱ ይታየኛል።

አፍንጫቸው ድስቱን ቀድሞ አገኘው።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ምንም።»

ከፈቱት። በዐቢይ ጾም፣ የስድስት ዕንቁላል አስኳል፣ ገና እየሞቀ።

«በሁዳዴ!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ሲቆጡ ከፍ ሲያዝኑ ዝቅ ይላል። «የኔ ልጅ፣ ባንዳ ብዬሽ ነበር። እኔ ባንዳ ብቻ መስለሽኝ ነበር።»

«እየበላሁት አይደለም፣ እትዬ! ለብሩ ነው!»

«ብሩ ነው ጾም የገደፈው?»

ፍሙን ሳይወስዱ ወጡ።

አልቅሼ ስጨርስ ብሮቹን ከአስኳሉ ውስጥ ለቀምኳቸው። እውነትም ጠቁረዋል! ግን ሁሉም እኩል፣ እንደ አንድ እናት ልጆች ጥቁር ናቸው፤ የማን የማን እንደሆነ የሚለይበት እድፍ የለም። ሁሉም አልኩ እንጂ አሥራ አንዱ ናቸው። አሥራ ሁለተኛው እዚያው እንደነበረ ነው፤ ወደ ግራጫ የሚወስደው፣ ዓይኑን የማይገልጥ። ድንጋይ ላይ ጣልኩት። ሌሎቹ ሲዘፍኑ እሱ «ዱብ» አለ።

ጸጥ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ምናልባት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። በመሐላችን አንዲት ሴት ለልደታ የሐሰት ብር ሰጥታለች። እኔ በባንዳነት ስከሰስ፣ እናቴ በዋስነት ስትዋረድ፣ እሷ ቁጭ ብላ ቆሎ ትበላለች። ማን ናት ቆሎ የምትበላው?

ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ጠመንጃ ያዥ ሮጥኩ፤ መስቀሉን የሚሠሩት ብር አንጥረኛው ጋሽ ድንቁ እዚያ ናቸው። ደጃፋቸው ላይ አንድ ሶላቶ ተቀምጧል፤ ከሰፈራችን አውሮፕላን ሜዳ የሚመጣ፣ እጁ ዘይት በዘይት የሆነ፤ አሮጌ ብር እየለቀመ የሚያጠራቅም ሰው ነው። ለመመለስ አስቤ ነበር፤ ግን መመለስ የሚባለውን ነገር አልተማርኩትም። ብሮቹን ለጋሽ ድንቁ ስዘረግፍ እሱም አንገቱን አስገባ። አንዱን አንሥቶ በአጉሊ መነጽር አየው፤ በጥፍሩ ፋቀው፤ ከዚያ አሸተተው።

«ዕንቁላል!» አለ።

እጄን አሸተትኩት፤ እውነቱን ነው።

«አሮጌ ብር፣ ጥሩ። ቆሻሻ ብር፣ በጣም ጥሩ! አንቺ አጠብሽ፣ ፈተግሽ፣ ወጥ ሠራሽ። መጥፎ! መጥፎ!» ብሩን ከነመዳፉ ሱሪው ላይ ጠረገና እያጉረመረመ ሄደ። አስቡት፤ ለሱ ሸጥሽ ተብዬ የምሰደብበትን ብር እሱ በነፃ ቢሰጠው አይወስድም። ይህንን ምስክር አድርጌ ላቀርበው ብችል ምንኛ ጥሩ ነበር! ቀና ስል ግን ከመንገዱ ማዶ፣ ጨው የሚሸጥበት ደጃፍ ላይ፣ እትዬ አስካለ ጨው ሳይገዙ ቆመዋል።

ጋሽ ድንቁ ግራጫውን ብር ቢላ አስነኩት። «እርሳስና ቆርቆሮ ነው» አሉ። «ጥሩ አድርገሽ አጠብሽው፣ ልጄ። ይህ አብሮ ማቅለጫ ውስጥ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ሌላውን ብር ሁሉ ያበላሸው ነበር፤ መስቀሉ በመዶሻ ሲመታ እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰነጠቃል።»

«ማን ነው የሰጠው?»

«እኔ ብሩን ነው የማውቀው፤ ሰውን እግዜር ይወቅ።»

እኔ ግን ከእግዜር ቀድሜ አውቄያለሁ። ማን ነው ደህናውን አላልኩም ያለ? ማን ነው ሲያበራ ቀድሞ የጮኸ? እድፉ ሲለቅ ጉዱ የሚወጣበት ሰው ነዋ! ማን ነው እግር በእግር የሚከተለኝ? በመንገድ ላይ ለብቻዬ ሳቅኩ። ጋሽ ድንቁን በስምንተኛው ቀን እንዲመጡ ለመንኳቸው። ስምንተኛው ቀን እስኪደርስ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በደስታ።

በስምንተኛው ቀን እትዬ አስካለ ቤት አሥራ ሁለቱም ሴቶች ተቀምጠዋል። ጋሽ ድንቁ በር አጠገብ በርጩማ ላይ ናቸው። እኔ መሐል ቆሜ ብሮቹን ምንጣፉ ላይ ደረደርኩ።

«እድፉን እርሱት» አልኩ። «እድፍ ይለቃል፤ ጉዳት አይለቅም። ሁሉም የየራሷን በጉዳቱ ትለይ። አንድ የሐሰት ብር መሐላችሁ አለ፤ ጋሽ ድንቁ አይተውታል። መጨረሻ ላይ የሚቀረው እሱ ነው፤ የማን እንደሆነ ያን ጊዜ እናያለን።»

ቤቱ ተንጫጫ። «የሐሰት? ለልደታ?» አንዷ ደረቷን መታች። እትዬ አስካለ ግን ረጋ ብለው፣ «ጥሩ ብላለች» አሉ። መረጋጋታቸው ይበልጥ አስጠረጠረኝ።

«የእኛን ቤት እኔ ላንሣ» ብዬ ጎንበስ አልኩ። ቀደም ብዬ ለይቼዋለሁ፤ ጠርዙ ላይ ሁለት ትንንሽ ጉድጓድ ያለበት፣ ከሁሉ ወፍራሙና ከሁሉ ደህናው። አነሣሁት። እናቴ የቀሚሴን ጫፍ ጎተተች። እግሬን ሰብስቤ እንድቆም መሰለኝ፤ ሰበሰብኩ። እንደገና ጎተተች።

«እማዬ፣ ተዪኝማ።»

ሴቶቹ አንድ በአንድ ተነሡ። «ይኸው የኔ፤ ቀዳዳው ወደ ጎን ያዘነበለ ነው።» «ይኸው፤ አፍንጫ የሌላት የኔዋ ናት፤ አገር አቋርጣ ብትመጣም አውቃታለሁ።» «ይኸው፣ እኔ ራሴ በድንጋይ የመታሁት፤ ባሌን ስስተው።» ሳቅ እየበዛ ሄደ፤ ያገኘች ሁሉ እያየችኝ ፊቷ ይፈታል። አንዷ እንዲያውም «ይቅር በይኝ፣ ብር ነካሽ» አለችኝ። ልቤ አበጠ። መጨረሻ ላይ ምንጣፉ ላይ አንድ ብር ቀረ፤ ግራጫው። ብር ያላነሣች አንዲት ሴትም ቀረች።

እትዬ አስካለ።

«እትዬ» አልኩ፤ ድምፄ እንዴት እንዳማረ አሁንም ትዝ ይለኛል፤ «ያንሡት እንጂ። የቀረው የርስዎ ነው።»

እትዬ አስካለ ምንጣፉን አዩ። ከዚያ እጄን አዩ።

«የኔ ብር የባሌ ነው» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ባሌ ኮርቻ ሠሪ ነበር። ወስፌውን ስሎ ሊሞክር ጠርዙ ላይ አድርጎ ሁለት ጊዜ በመዶሻ መታበት። ሁለት ጉድጓድ አለው። እሱ ሲሞት ደረቱ ላይ አድርገነው ነበር፤ ልንቀብረው ስንል አነሣሁት። የኔ ብር በእጅሽ ያለው ነው፣ ልጄ።»

«ይኼ የኔ ጥርስ ነው» አልኩ። «አገር የሚያውቀው ነው! ስድስት ዓመቴ ላይ ነክሼው…»

«እሰማ ነበር» አሉ። «አባትሽ ከአብነት እስከዚህ እየጮኸ ሲያወራው እኔም ነበርኩ። በወተት ጥርስ ብር ከነከስሽ፣ ዛሬማ የበሰለ ጥርስ አለሽ። ንከሺው።»

እናቴ ቀሚሴን መጎተቷን ተወች።

ነከስኩት። እንደ ውሻ ጎን ለጎን አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነከስኩት። የክራንቻዬ ጫፍ ቀጭ ብላ ተሰበረች፤ በምላሴ አገኘኋት። ብሩን አየሁት። ምንም የለበትም፤ ምራቄ ብቻ።

ጋሽ ድንቁ ከበርጩማው ተነሥተው ግራጫውን ብር ከምንጣፉ ላይ አነሡ፤ በእጃቸው አገላበጡት፤ ወደ መስኮቱ ይዘው ጠርዙን አዩ። ከዚያ አቀበሉኝ።

ነከስኩት። እንደ ጧፍ ለሰለሰልኝ። ከአፌ አውጥቼ ባየው፣ ከአዲሱ የጥርሴ ምልክት አጠገብ ሌሎች ሁለት ምልክቶች አሉ፤ የስንዴ ቅንጣት የሚያህሉ፣ ጎን ለጎን፣ የልጅ።

«አባትሽ…» ብላ ጀመረች እናቴ። አልጨረሰችውም።

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ድንቁ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «አሥራ አንዱ ይበቃል» አሉ። «እጀታውን ከወይራ እሠራዋለሁ።»

እትዬ አስካለ ከአጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። «ነይ፣ ቁጭ በይ» አሉ። «ዳቦው አልተቆረሰም።»

ወስፌ የወጋውን ብር በነጠላዬ ጠረግኩት። በሁለት እጄ ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ጉልበታቸው ላይ አኖርኩላቸው። ግራጫውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት፤ ሁለቴ አጠበቅኩት። ጫማዬን ከበሩ ሥር አንሥቼ፣ ሳላጠልቀው፣ በእጄ እንደያዝኩት ወጣሁ።